የእሑድ ጉዞ፤ በእንግሊዝ አገር የቢስክሌት ማኅበሮች ታሪክ ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ አገር ስለ ተነሣው የሠራተኞች እንቅስቃሴ የሚጽፉ ሰዎች በብዛት የሚመለከቱት ሦስት ነገሮችን ነው፤ እነርሱም የሠራተኞች ማኅበር፣ ጋዜጣና ምርጫ ናቸው። ሠራተኛው በሳምንት ውስጥ ለራሱ በቀረችው አንድ ቀን ምን ይሠራ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የመዝናኛ ነገር ከቁም ነገር ስለማይቈጠር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅሶ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የታለፈውን ነገር፣ ማለት ሰዎች በማኅበር ሆነው በየሳምንቱ መጨረሻ በቢስክሌት ያደርጉት የነበረውን ጉዞ፣ ለብቻው አውጥቶ መመርመር ነው። የምንጠይቀውም ጥያቄ ይህ ነው፤ ለደስታ የተሰበሰበ ማኅበር የአንድ ዓላማ መሣሪያ ለመሆን ይችላልን? የሚችል ከሆነስ ከሁለቱ ዕድሜው የሚረዝመው የትኛው ነው፤ ዓላማው ወይስ ጉዞው?

ለዚህ ጥያቄ ዋና ምሳሌ አድርገን የወሰድነው በ1894 በበርሚንግሃም ከተማ የተመሠረተውን የክላሪዮን ቢስክሌት ክበብ ነው። ይህን ክበብ የመረጥንበት አንዱ ምክንያት ከአባሎቹ አንዷ የኋላ ኋላ ከአገራችን ታሪክ ጋር በጥብቅ የተሳሰረች በመሆኗ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እንለምናለን።

መሣሪያውና ጊዜው

የማኅበር ጉዞ ሊኖር የሚችለው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ እነርሱም መሣሪያና ዕረፍት ናቸው። መሣሪያው ቀስ በቀስ የተሻሻለ ነው። ካርል ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ በ1817 በማንሃይም ያሳየው ባለ ሁለት መንኰራኵር ተሽከርካሪ ፔዳል ስላልነበረው ሰውዬው የሚሄደው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር። በ1860ዎቹ በፓሪስ ፔዳል ተጨመረለት። በ1870ዎቹ የፊት እግሩ እጅግ ትልቅ፣ የኋላው ደግሞ ትንሽ የሆነ ቢስክሌት በእንግሊዝ አገር ተስፋፋ። በዚህ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ለዐይን ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ትንሽ ድንጋይ ያደናቀፈው እንደ ሆነ ወደ ፊት በግንባሩ ይተከል ነበር። ስለዚህ የሚወጡበት ጕልበትም ገንዘብም ያላቸው ወጣቶች ብቻ ነበሩ።

ነገሩን የለወጡት ሁለት ፈጠራዎች ናቸው። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ «ሮቨር» የተባለውን፣ ሁለቱ እግሮቹ የሚመጣጠኑትንና የኋላው እግር በካቴና የሚዞረውን ቢስክሌት አወጣ። በ1888 ደግሞ ጆን ደንሎፕ በቤልፋስት በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ሠራ። ከዚህ በኋላ ቢስክሌት ሴቶችም ሽማግሌዎችም የሚነዱት ሆነ። ይሁን እንጂ በ1890ዎቹ አጋማሽ ላይ የአንድ ጥሩ አዲስ ቢስክሌት ዋጋ ከ10 ፓውንድ በላይ ስለ ነበረ ለአንድ ሠራተኛ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ነበር። ሠራተኛው ይህን የሚያገኘው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈለ ወይም ሌላ ሰው የነዳውን አሮጌ በመግዛት ነበር።

ዕረፍቱም እንዲሁ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩት ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ይኸውም ልማድ እየሰፋ ሄዶ ብዙ ሠራተኛ የቅዳሜን ግማሽ ቀን ለራሱ አገኘ። እሑድ ግን የጸሎት ቀን ስለ ነበረ ቀሳውስት በዚያ ቀን በቢስክሌት መሄድን አጥብቀው ነቀፉ። ሠራተኛው በበኩሉ ከፋብሪካ ጢስ ወጥቶ ሜዳና ዛፍ የሚያይበት ሌላ ቀን አልነበረውም። ስለዚህ የእሑድ ጉዞ ገና ከመነሻው ክርክር ያለበት ነገር እንደ ነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ማኅበሮችና ሥርዐታቸው

ከጥንታውያን የቢስክሌት ማኅበሮች አንዱ በሰኔ 1870 በለንደን በሃክኒ ሰፈር የተመሠረተው የፒክዊክ ክበብ ነው። ስሙ ቻርልስ ዲክንስ ከጻፈው ታዋቂ ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ ደራሲው የሞተው በዚያው ወር ነበር። እያንዳንዱ አባል ከዚያ መጽሐፍ ሰዎች የአንዱን ስም ወስዶ በማኅበሩ ውስጥ በዚያ ስም ይጠራ ነበር። ይህ ለጨዋታ የተደረገ ቢመስልም ውስጡ ትርጕም አለው፤ ሰው ወደ ማኅበር በገባ ጊዜ የዕለት ተዕለት ማዕርጉን በደጅ ትቶ ሌላ ስም ይዞ ይገባ ነበር።

የጉዞው ሥርዐት በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ የወታደር መልክ ነበረው። እያንዳንዱ ክበብ አንድ ካፒቴን፣ አንድ ምክትል ካፒቴንና አንድ መለከት ነፊ ነበረው። ካፒቴኑ ከፊት ሆኖ የጉዞውን ፍጥነት ይወስናል፤ ምክትሉ ከኋላ ሆኖ ወደ ኋላ የቀሩትን ይጠብቃል፤ መለከተኛው ውጡ፣ ውረዱ፣ በአንድ መስመር ሂዱ የሚለውን ትእዛዝ በመለከት ያሰማል። አባሎቹም አንድ ዐይነት ልብስ ይለብሱ ነበር። መለከቱና ልብሱ ከጊዜ በኋላ ቀሩ። የካፒቴኑ ሥራ ግን አልቀረም። በአገራችን የጽዋ ማኅበር ሙሴ እንዳለው ሁሉ፣ የእሑድ ጉዞም የመንገዱን አቅጣጫ የሚመርጥ፣ ሻይ የሚጠጣበትን ስፍራ አስቀድሞ የሚያስይዝና አንድም ሰው ሳይጐድል ወደ ከተማ የሚመልስ አንድ ኀላፊ አስፈለገው።

ከዚህ ሥርዐት ውስጥ ለጥናታችን ዋናው ነገር ፍጥነቱ የሚወሰንበት መንገድ ነው። በእሽቅድምድም ጊዜ የሚታየው ከሁሉ የሚቀድመው ሰው ነው። በማኅበር ጉዞ ግን ካፒቴኑ ዐይኑን የሚጥለው ከሁሉ በሚዘገየው ላይ ነው። ጎማው የተነፈሰበት ሰው ቢኖር ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል፤ ዳገት ያቃተው ቢኖር ጕልበት ያለው ይገፋዋል። ይህን ሕግ የማይጠብቅ ክበብ ወደ እሽቅድምድም ቡድንነት ይለወጣል፤ ወይም ይፈርሳል።

መንገድ፣ እንግዳ ማረፊያና ፍርድ ቤት

በነሐሴ 1878 ስታንሊ ኮተረል የተባለ ወጣት በሃሮጌት ከተማ የቢስክሌት መንገደኞች ክበብን መሠረተ። ክበቡ በ1883 ባለ ሦስት እግር ነጂዎችንም ለመጨመር ሲል ስሙን ለወጠ። በ1899 የአባሎቹ ቍጥር ከ60,000 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ የመዝናኛ ማኅበር ይህን ያህል ሰው መሰብሰቡ በቀላሉ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ይህ ክበብ ለጉዞ ብቻ ሲል የጀመራቸው ሥራዎች ለመላው ሕዝብ ጠቀሙ። የምድር ባቡር ከመጣ ወዲህ የቀድሞዎቹ የሠረገላ መንገዶች ተበላሽተው፣ በየመንገዱ የነበሩት እንግዳ ማረፊያዎችም ገበያ አጥተው ነበር። ክበቡ በቀጥ ባሉ ቍልቍለቶች አናት ላይ አደጋ መኖሩን የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ አስተከለ፤ ከማረፊያ ቤቶች ጋር እየተዋዋለ አባሎቹ በተወሰነ ዋጋ እንዲያድሩ አደረገ፤ በእነዚህም ቤቶች ግድግዳ ላይ ክንፍ ያለው የመንኰራኵር ምልክት ተሰቀለ። በ1886 ደግሞ ከሌላ የቢስክሌት ማኅበር ጋር ሆኖ የመንገድ ማሻሻያ ማኅበርን አቋቋመ። የአውቶሞቢል ባለቤቶች በኋላ የተንፈላሰሱበት መንገድ እንዲጠገን አስቀድሞ የጮኸው ቢስክሌተኛ ነበር ማለት ነው።

የሴቶች ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የደረሰውም በዚሁ ክበብ አማካይነት ነው። በ1898 ሌዲ ሃርበርተን የተባለች እመቤት ቢስክሌት ለመንዳት የሚያመች ሰፊ ሱሪ ለብሳ በሰሪ አውራጃ በኦካም ወደሚገኝ አንድ ማረፊያ ገባች። ባለቤቲቱ ከወይዛዝርት ጋር በሻይ ክፍል መቀመጥ አትችይም ብላ ወደ መጠጥ ቤቱ ክፍል መራቻት። ክበቡም የአባሉን መብት ለማስከበር ክስ አቀረበ፤ ጕዳዩ በ1899 ታይቶ ባለቤቲቱ በነጻ ተለቀቀች። ሴቲቱ በፍርድ ብትረታም ነገሩ በአገሩ ሁሉ ተወራ። አንድ የጉዞ ማኅበር፣ አንዲት ሴት የፈለገችውን ለብሳ ሻይ ለመጠጣት ትችላለች ወይስ አትችልም የሚለውን ጥያቄ በዳኞች ፊት ማቅረቡ ከቶ ታስቦ የማያውቅ ነበር።

የክላሪዮን ክበብ

«ክላሪዮን» ማለት መለከት ማለት ነው። ቀድሞ ወታደር የነበረው ሮበርት ብላችፎርድ በ1891 መጨረሻ ላይ በማንችስተር ከተማ በዚህ ስም አንድ ሳምንታዊ የሶሺያሊስት ጋዜጣ አቋቋመ። ጋዜጣው እንደ ሌሎቹ ሶሺያሊስት ጋዜጦች የደረቀ ስብከት ብቻ የሚያቀርብ አልነበረም፤ ቀልድም፣ ስለ ስፖርትም፣ ስለ መጻሕፍትም ይጽፍ ነበር። የብላችፎርድ «ሜሪ ኢንግላንድ» የተባለው መጽሐፍ በ1894 በአንድ ፔኒ ዋጋ በወጣ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ቅጂ ተሸጠ።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በበርሚንግሃም ጥቂት የጋዜጣው አንባቢዎች ተሰብስበው የሶሺያሊስቶች ቢስክሌት ክበብ መሠረቱ፤ ከእነርሱም መካከል ቶም ግሩም የተባለው የኋላ ኋላ የእንቅስቃሴው መሪ ሆነ። ወዲያውም የክበቡ ስም በጋዜጣው ስም ተጠራ። በ1895 የትንሣኤ በዓል ጊዜ ከየከተማው የመጡት ክበቦች በደርቢሸር አውራጃ በአሽበርን ተገናኝተው ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። የትንሣኤው ስብሰባ ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ቋሚ ልማድ ሆነ። አባሎቹ በመንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዱ «ቡትስ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌላው «ስፐርስ!» ብሎ ይመልሳል፤ ቃሎቹ ጫማና የፈረስ መኰትኰቻ ማለት ናቸው። ማያውቁት ሰው በዚህ ሰላምታ ወዳጅ ይሆን ነበር።

የአንድ እሑድ ጉዞ ሁለት ሥራ ነበረው። አባሎቹ በቢስክሌታቸው ላይ ጋዜጣና ትንንሽ መጻሕፍት ጭነው ይወጣሉ። የባቡር ጣቢያ በሌለው መንደር ሲደርሱ ለሕዝቡ ያድላሉ፤ በመንደሩ ሜዳ ላይ አንዱ ቆሞ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ሻይ ይጠጣል፤ መዝሙር ይዘመራል። ከ1897 ጀምሮ በቼሸር አውራጃ በባክሎ ሂል ቤት ተከራይተው የክበብ ማረፊያ አደረጉት፤ በሌላም ስፍራ እንዲሁ ተደረገ። በላንክሸር አውራጃ በኔልሰን ከተማ አጠገብ በ1912 የተሠራው የክላሪዮን ቤት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ በየእሑዱ ለመንገደኛ ሻይ ሲያቀርብ ቈይቷል።

ዓላማ ወይስ ደስታ

በማኅበሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ክርክር ነበረ። አንደኛው ወገን፣ እኛ የተሰበሰብነው ሶሺያሊዝምን ለመስበክ ስለ ሆነ ጽሑፍ ሳያድል ለሽርሽር ብቻ የሚወጣ አባል ግዴታውን አልፈጸመም ይል ነበር። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ስድስት ቀን በፋብሪካ የዋለ ሰው በሰባተኛው ቀን ከወንድሞቹ ጋር አየር መቀበሉ ራሱ ዓላማው ነው፤ ወንድማማችነትን የማናውቅ ከሆንን ስለ ወንድማማችነት ልንሰብክ አንችልም ይል ነበር።

ሁለቱንም ወገን መዝነን ስንመለከት ሁለተኛው የታሪክ ማስረጃ ያለው ይመስለናል። በመንደር ሜዳ የተነገረው ንግግር ስንት ሰው እንደ ለወጠ ለመቍጠር አይቻልም። የተቈጠረው የክበቦቹ ብዛት ነው፤ ይህንንም ያበዛው ንግግሩ ሳይሆን ጉዞው ነበር። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ወገን ክርክር ፍሬ የለውም ማለት አይደለም። ጉዞ ብቻውን ማንን እንደሚያቅፍና ማንን እንደሚያስወጣ አይወስንም፤ ይህን የሚወስነው ደንብ ነው።

ለዚህ ከአሜሪካ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በ1880 በኒውፖርት የተመሠረተው የአሜሪካ ቢስክሌተኞች ሊግ የጋራ ጉዞ ያደርግ ነበር፤ ስለ መንገድ መሻሻልም በብርቱ ታግሏል። ነገር ግን በ1894፣ ይኸውም የክላሪዮን ክበብ በተወለደበት ዓመት፣ በሉዊቪል ባደረገው ስብሰባ ነጭ ያልሆነ ሰው አባል እንዳይሆን ወሰነ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጥቍሩ አሜሪካዊ ሜጀር ቴይለር በሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ ይህ ደንብ አልተለወጠም ነበር። ድርጅቱ ውሳኔውን በይፋ የነቀፈው በ1999 ነው። እንግዲህ ሁለት ማኅበሮች አንድ ዐይነት ቢስክሌት ይዘው፣ በአንድ ዐይነት የእሑድ ፀሐይ ሲጓዙ፣ አንዱ በሩን ሲከፍት ሌላው ዘጋ። የክላሪዮን ክበብ ሴቶችን ከመጀመሪያው ተቀብሏል፤ ቍጥራቸው ግን ከወንዶቹ ያነሰ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ የደንብ እገዳ አይደለም፤ ወንዶቹ በወጡበት ሰዓት የእሑዱን ምሳ የሚሠራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ በመቅረቱ ይመስለናል።

አንዲት የማንችስተር ልጅ

በ1890ዎቹ አጋማሽ ከማንችስተር ክላሪዮን ክበብ ጋር በእሑድ ከሚወጡት ወጣቶች መካከል ሁለት እኅትማማቾች ነበሩ፤ ክሪስታቤልና ሲልቪያ ፓንክረስት። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት የታወቁ ሶሺያሊስት የሕግ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ኤምሊን ፓንክረስት ደግሞ በ1903 የሴቶች የምርጫ መብት ታጋዮችን ማኅበር አቋቋሙ። ሲልቪያ በ1931 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ እንደ ጻፈችው፣ የእኅቷ ቢስክሌት ውድና ቀላል ሲሆን የእርሷ ግን አንድ የትግል ወዳጅ የሠራው ከባድ ነበር፤ ስለዚህ ዳገት በመጣ ጊዜ ክሪስታቤል ቀድማ ስትሄድ እርሷ ወደ ኋላ ትቀር ነበር። ለእንዲህ ያለ ነጂ የማኅበሩ ሕግ፣ ማለት የዘገየውን መጠበቅ፣ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አንባቢ ሊፈርድ ይችላል።

ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራችን ታሪክ ያላት ስፍራ ታዋቂ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በ1935 በወረረች ጊዜ ከተቃወሙት እንግሊዛውያን ግንባር ቀደም ነበረች፤ በግንቦት 1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቁማ ለሃያ ዓመት አሳተመች። በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥታ በመስከረም 1960 ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። የእሑድ ጉዞ ይህን ሁሉ አስገኘ ብሎ መናገር የታሪክ ድፍረት ይሆናል። ሆኖም በጕልምስናዋ ትንሽ ጋዜጣ ለማይታወቅ ሕዝብ መድረስ እንደሚችል ያመነችው ሴት፣ በልጅነቷ በቢስክሌት ጋዜጣ ተሸክመው ወደ መንደር ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ትውል እንደ ነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው።

መከፋፈሉና የቀረው

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብላችፎርድ ጦርነቱን ደገፈ። ብዙ ሶሺያሊስቶች ግን ጦርነቱን ተቃወሙ። ሁለቱ የፓንክረስት እኅትማማቾችም እንዲሁ ተለያዩ፤ ክሪስታቤል ጦርነቱን ስትደግፍ ሲልቪያ ተቃወመች። ጋዜጣው አንባቢዎቹን አጣ፤ የቀድሞውን ክብሩንም ሳያገኝ ቀረ። ነገር ግን በጋዜጣው ስም የተጠራው የቢስክሌት ክበብ ከጋዜጣው ጋር አልሞተም። እንዲያውም በ1930ዎቹ አጋማሽ አባሎቹ ከ8,000 በላይ ሆነው ከቀድሞው ጊዜ ሁሉ በዙ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በ1936 በጀመረው የስፔን የርስ በርስ ጦርነት ከሪፑብሊኩ ወገን ሆነው ለመዋጋት ሄዱ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውቶሞቢል በበዛ ጊዜ ክበቡ አነሰ፤ ግን አልጠፋም። በ2021 የብሔራዊው ክላሪዮን ክበብ አባሎች ሶሺያሊዝምን የሚጠቅሰው ቃል ከደንባቸው እንዲወጣ በድምፅ ብልጫ ወሰኑ። የወሰኑት ወገኖች ፖለቲካ አዲስ ነጂዎችን ያርቃል ሲሉ፣ የተቃወሙት ደግሞ ይህ ቃል ከወጣ ክበቡ ከሌላው ክበብ በምን ይለያል ብለው ጠየቁ። ይህም በ1890ዎቹ የተጀመረው ክርክር ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ ሳይቋጭ እንደ ቀጠለ ያሳያል።

መደምደሚያ

በመግቢያው ላይ ላቀረብነው ጥያቄ እንግዲህ ይህን መልስ እንሰጣለን። አንደኛ፣ ለደስታ የተሰበሰበ ማኅበር የዓላማ መሣሪያ ለመሆን መቻሉ በመንገድ ጥገናም፣ በሴቶች መብትም፣ በጋዜጣ ዕደላም ታይቷል። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ረዥም ዕድሜ ያገኘው ጉዞው ነው፤ ጋዜጣው ሞቶ፣ መሪዎቹ ተጣልተው፣ የደንቡም ቃል ተለውጦ ሳለ እሑድ ጧት አብሮ መውጣቱ ቀረ አልተባለም። ሦስተኛ፣ ጉዞው ረዥም ዕድሜ ስላለው ብቻ መልካም ነው አይባልም፤ የሉዊቪሉ ውሳኔ እንደሚያስተምረን ማኅበር የሚመዘነው ከኋላ የቀረውን በመጠበቁ ብቻ ሳይሆን፣ ከመነሻው ማንን አብሮት እንዲነሣ በመፍቀዱ ነው።

ይህ ጥናት ለእኛ ለተማሮች አንድ ሥራ ያመለክተናል። በአገራችን የጽዋ ማኅበር፣ ዕድር፣ ዕቍብ፣ የስፖርትና የተማሮች ክበብ ብዙ ነው። የእነዚህ የቃለ ጕባኤ መዝገብ፣ የአባልነት ደብተርና ፎቶግራፍ በየሰዉ ቤት በሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ ባለቤቱ ሲሞትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። የእንግሊዝን ቢስክሌተኞች ታሪክ ለመጻፍ የተቻለው አንዳንድ ጸሐፊዎች የእሑዱን መንገድ፣ ሻይ የተጠጣበትን ቤትና የተገኙትን ሰዎች ስም በደብተር መዝግበው ስላኖሩ ነው። የየማኅበሩ ጸሐፊ የሆነ ተማሪ ሁሉ ደብተሩን ሲይዝ የታሪክ ምንጭ በእጁ መሆኑን ቢያስብ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተመራማሪዎች ባለ ዕዳ አያደርጉንም።